የአያ ውበቱ ተረኛ ዘብ

ታላቅ አዋጅ! ቁስቋም ሰፈር ዛሬ በእኔ ዘበኝነት ስትጠበቅ ዋለች። አትሳቁ!

በጣሊያን ጊዜ ዱር የከረሙት አርበኛ፣ ጎረቤቴ አያ ውበቱ፣ ከታመሙ ሰንብተው ዛሬ እጅግ ደክመው ነበር። ዓይናቸው ግን አልከደን አለ።

«አያ፣ ምነው አይተኙም?» አልኋቸው።

«ዘብ ሳይቆም ይተኛል እንዴ? ተረኛው ማነው?»

በመስኮታቸው «ጣሊያን መጣ!» እያልሁ ስንት ቀን ያስበረገግኋቸው እኔው ነኝ። አፈርሁ።

«እኔ ነኝ» ብዬ ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ ተሸክሜ በሩ ላይ ቆምሁ።

«አንተ ቀልማዳ! እንዳታንቀላፋ» አሉና ተኙ።

አልነቁም። የሰፈሩ ሴቶች ለልቅሶ እየጮሁ ሲገቡም ከበሩ አልተነቃነቅሁም፤ ማን ይቀይረኝ?

እናንተስ እንዲህ የቆማችሁለት ሰው አለ? ንገሩኝ እስቲ። የእኔስ ትንሽ ነገር ነች፤ በር ላይ መቆም ብቻ።