ባለ አንድ ዓይኖቹ ወገን

የዕለቱን ዳዊት ሳላደርስ እህል አልቀምስም። ይህን የምለው ጻድቅ ነኝ ለማለት አይደለም፤ ሚስቴ ቁርስ እስክታቀርብ ሌላ ሥራ ስለሌለኝ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ቀኝ ዓይኔን አሳከከኝና በመዳፌ ሸፍኜ አሸሁት። መጽሐፉ ጠፋ። ፊደሉ፣ ገጹ፣ የያዘው እጄ ሳይቀር። መዳፌን ሳነሳ ሁሉም እቦታው ነበር። ግራ ዓይኔ ሳይሰናበተኝ ሄዷል።

ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ።

እሑድ እዚሁ ቡራዩ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ገብቼ ከግድግዳው ሥዕል ፊት ቆምኩ። ልጅ ሳለሁ አንድ ሠዓሊ እንዳስረዳኝ፣ በቆየው ሥርዓት ጻድቅ ሲሳል ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ኃጢአተኛና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላሉ። እነዚያን ባለ አንድ ዓይኖች ስንት ዓመት «እሰይ!» እያልኩ ስገላምጣቸው ኖሬያለሁ! ያን ቀን ግን እንደ ዘመድ ቦታ ይዘው የጠበቁኝ መሰሉኝ። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጌታ «እሱም ወላጆቹም አልበደሉም» ብሎ የመለሰውን አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው ስንቴ አስተምሬበታለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን የወጣትነት ጥፋቴን አንድ በአንድ እያነሳሁ «በዚህኛው ይሆን?» እል ጀመር። ዝርዝሩ ረጅም ስለነበር ቅዳሴው ቀድሞኝ አለቀ።

በማግስቱ ሰበታ ወረድኩ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ወዳጅ አለኝ።

«አካም ጅርታ፣ አንተ ሽማግሌ! ምን ሆነሃል? አረማመድህ የሌባ ነው» አለኝ ገና ከበር።

ነገርኩት፤ የሥዕሉንም ጭምር። ሳቀብኝ።

«አንተስ በጎን ትሳላለህ። እኔን እንዴት ሊያደርጉኝ ነው? በማጅራቴ በኩል?»

እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከልቤ አልነበረም። ሳይሰማው አልቀረም፣ እጄን ያዘኝ።

«ስማ፤ እኔ ብርሃኑን ስለማላውቀው ጨለማውን አልፈራም። አንተ ፈርተሃል። ፍርሃትህን ለሐኪም ንገረው እንጂ ለግድግዳ አትንገር። የቀረህን ዓይን ይዘህ ሂድ።»

እሺ አልኩ፤ አልሄድኩም። ሳምንት ሙሉ በየማለዳው፣ ግራው ተመልሶ እንደሆነ ብዬ ቀኙን እጨፍናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ቀኙም እንዳይከተለው ደንግጬ እከፍታለሁ። አንድ ቀን ሚስቴ ቁርስ ስታቀርብ አየችኝ።

«በዚህ ዕድሜህ ማንን ነው የምትጠቅሰው?»

«አንቺን ነዋ» ልል አፌን ከፈትኩ። ቀልዱ አልወጣ አለኝ።

«ግራ ዓይኔ አያይም» አልኳት።

ሳህኑን አስቀምጣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ሙሉውን። ከዚያ ነጠላዋን አነሳች።

«ተነስ። ዳዊትህን ታክሲ ውስጥ ትጨርሰዋለህ።»

ታክሲ ውስጥ መጽሐፉን አልገለጥኩም። የተቀመጠችው በግራዬ ነበር። አንገቴን አዙሬ፣ ሐኪም ቤት እስክንደርስ፣ በቀረችኝ ዓይን እሷን ሳይ ሄድኩ።