ለማርክ የሚለቀስ ለቅሶ

ቴአትር እየተማሩ ማልቀስ አለመቻል ሹፌር ሆኖ መሪ እንደ መፍራት ነው። እኔ አልችልም ነበር። መሳቅ እችላለሁ፣ መሳደብ እችላለሁ፣ ሰካራም ሆኜ ከደረጃ መንከባለል እችላለሁ። ሬሳ ሆኖ መጋደምማ ከክፍሉ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ የምሬን እንቅልፍ እወስድ ነበርና። እንባ ግን የለም።

ይሄ ጉድ የወጣው በመጨረሻው ዓመት፣ በመመረቂያ ተውኔታችን ላይ ዋናዋን ሴት እንድጫወት ስመረጥ ነው። ሴትዮዋ ባሏ ይሞትባታል። መሃል ላይ መርዶ ይነገራታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለቅሶ ነው። ደራሲው የክፍላችን ልጅ ነበር፤ ሴትዮዋ የምትናገረው ሲጠፋው በቅንፍ "ታለቅሳለች" እያለ ገጽ ይሞላል።

"ከሆድሽ አውጪው!" ይለኛል መምህራችን በየልምምዱ። "ይሄ ጉሮሮ ነው። ሆድሽ የት ሄደ?"

ሆዴ ምሳ አልበላም ነበር፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር ለመምህር አይነገርም።

ከመድረኩ ጥግ ደግሞ ተጠባባቂዬ ቆማለች። የእኔን ቃል አንድ ሳታስቀር ሸምድዳለች፤ ስልኳን እየነካካች እንኳ እንባዋን ዱብ ዱብ ታደርጋለች። ወላሂ ቧንቧ ናት፤ ስትፈልግ ትከፍተዋለች፣ ሲበቃት ትዘጋዋለች። አንድ አርብ መምህሩ እሷንና እኔን ተራ በተራ አየና፣ "እስከ ሰኞ የሚለቀስ ለቅሶ ይዘሽ ካልመጣሽ ቦታውን ለእሷ እሰጣለሁ" አለኝ።

እኔ ደግሞ አባቴን ጠርቼዋለሁ። አባቴ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣል። በሕይወቱ ቴአትር አይቶ አያውቅም። "ትያትር ተምረሽ ማን ሊቀጥርሽ ነው?" ሲል ከርሞ፣ ሲደክመው የተወ ሰው ነው። አሁን ግን ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ ብሏል። ለአባቴ ሱቅ መዝጋት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለዒድም ቢሆን እያቅማማ ነው የሚዘጋው። ያን ሁሉ አድርጎ መጥቶ ልጁ መጋረጃ ስትጎትት ሊያይ ነው? በዚህ ሐሳብ እንቅልፌ ጠፋ።

ለደረቁ ዓይኔ ተጠያቂው ቤታችን ነው ባይ ነኝ። የወሎ ሙስሊሞች ነን፤ እኛ ቤት ሰው ሲሞት አይጮህም። እናቴ የሞተችው እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው፤ መልኳን እንኳ አላስታውስም። ያሳደገኝ አባቴ ነው። ስለ እሷ ስጠይቀው "አላህ ይዘንላት" ይልና ወሬውን ወደ በርበሬ ይመልሰዋል። እንባ ይፈቀዳል፣ ጩኸት ግን አይፈቀድም ይለኛል ሁልጊዜ። የተፈቀደውን እንባ ግን እሱም ሲጠቀምበት አላየሁም። ዓይኑ ረጥቦ ካየሁት ሚጥሚጣ ሲመዝን ነው።

ስለዚህ ለቅሶ ልማር ወጣሁ። በትወና ትምህርት "ሰው አስተውላችሁ ኑ" የሚባል ሥራ አለ፤ የሆነ ቦታ ቁጭ ብለን የሰው አረማመድና አነጋገር እንሰርቃለን። ላምበረት መናኸሪያን በዚህ ሥራ አራቁተነዋል፤ ጆንያ ተሸክሞ የሚያልፈው ሁሉ ሳያውቀው በእኛ መድረክ ላይ ተጫውቷል። ለቅሶ ቤት ሄዶ የሰረቀ ግን አልነበረም። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ለመድረክ የተሰጠኝን ባለጥቁር ጥለት ነጠላ አጣፍቼ፣ ገርጂ ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል የተተከለ ድንኳን ውስጥ ዘው አልኩ።

የለቅሶ ድንኳን ደግነቱ የማን ነሽ ብሎ አለመጠየቁ ነው። ፊቴን ቅጭም አድርጌ፣ "እግዜር ያጽናችሁ" ብዬ ተቀመጥኩ። የእድሩ ሰው ንፍሮ አመጣልኝ። ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት የገባኝ ንፍሮውን ስጨርስ ነው። አጠገቤ አንዲት እናት እንባቸውን እየጠረጉ ተቀምጠዋል፤ ከኋላዬ ሁለት ጎልማሶች አሉ። ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ሰው እየተነሳ ያለቅሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እኔም እጁ ምን ይሆናል፣ ትከሻው ምን ይሆናል እያልኩ በትጋት ሳጠና፣ ከኋላዬ ሹክሹክታ ሰማሁ።

"አራተኛ ፎቅ ነው ያልከኝ?"

"አራተኛ። ግን ነፋሻ ነው።"

"ውሃ ይወጣል?"

"ሌሊት ሌሊት..."

በዚህ መሃል አዲስ ለቀስተኛ ገባ። ሁለቱም ብድግ አሉ። "ወንድሜን! ወየው ወንድሜን!" እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ዘወር ብዬ አየኋቸው፤ የምር እንባ ነው፣ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። ከዚያ ተቀመጡ፣ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

"ታንከር አለው ወይስ የለውም?"

ሳቄ መጣ። ለቅሶ ቤት የመጣ ሳቅ ደግሞ መመለሻ የለውም። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ጭኔን ቆነጠጥኩ፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ፊቴን ጉልበቴ ላይ ደፋሁት፤ ትከሻዬ ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቤ ያሉት እናት ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርገው አለበሱኝና ጀርባዬን እያሻሹ፣ "አልቅሺ የኔ ልጅ፣ አልቅሺ ይውጣልሽ" አሉኝ። ባሰብኝ። ሲቃ የመሰለ ድምፅ አመለጠኝ። እሳቸውም ለቅሷቸውን እንደ አዲስ ጀመሩት፤ ቀጥሎ ያሉት ሴቶች ተከተሏቸው።

"ማን ናት?" አለ አንዱ።

"የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ትሆናለቻ።"

"ምን ያህል ብትወደው ነው!"

የኮንዶሚኒየሙ ሻጭ ራሱ ውሃ ይዞልኝ መጣ። "አይዞሽ እህቴ" አለኝ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ተነስቼ ሮጥኩ። ሃዘኗ ከአቅሟ በላይ ሆነ ብለው መንገድ ለቀቁልኝ።

ታክሲ ውስጥ ነው ነገሩ የበራልኝ። ፊት ከተሸፈነ ሳቅና ለቅሶ ልዩነት የላቸውም።

ሰኞ ልምምድ ላይ መርዶው ሲነገረኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ስለ ታንከሩ አሰብኩ። ስጨርስ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ፣ "አየሽ? ሆድ ማለት ይሄ ነው" አለኝ። ተጠባባቂዬ እያለቀሰች አቀፈችኝ፤ የእሷ እንባ ግን ያው እንደምታውቁት ነው።

የዩኒቨርሲቲያችን አዳራሽ በእድሳት ላይ ስለነበር ቴአትሩን ያሳየነው ቦሌ፣ አዳራሽ ተከራይተን ነው። አባቴ ነጭ ቆቡን አድርጎ፣ የዒድ ኮቱን ለብሶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። መርዶው ተነገረኝ፤ ተሸፈንኩ፤ ታንከሩ አልከዳኝም። አዳራሹ ንፍጥ በመሳብ ድምፅ ተናወጠ። በነጠላው ስስ ሸማ ውስጥ አባቴን ፈለግኩት። አያለቅስም። አፉን ከፈት አድርጎ ትክ ብሎ ያየኛል። አልወደደውም ብዬ ሳቄ እዚያው ደረቀ፤ ደግነቱ ተሸፍኛለሁ።

ሲያልቅ የመጣ የሄደው አቀፈኝ። አባቴ ግን ኮቱን ቆልፎ ወደ በሩ አመራ። ነጠላዬን እንኳ ሳልቀይር ታክሲ ያዝን፤ ሃያ ሁለት ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋና ቆምን።

"ስትስቂ ነበር አይደል?" አለኝ።

ደነገጥኩ። "ማን ነገረህ አባዬ?"

"ማንም።" ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ። "እናትሽ እንዲህ ነበር የምትስቀው። ድምፅ የላትም። ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል ታደርግና ትከሻዋ ብቻ ነው የሚስቅ። የተጋባን ሰሞን የምታለቅስ መስሎኝ ውሃ ላመጣ ሮጫለሁ።" ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ አላየሻት። ከየት አመጣሽው?"

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣ። መምህሩ ከሆድሽ አውጪው እያለ ሲጨቀጭቀኝ የኖረው ድምፅ፣ ማርክ የሚሰጥ ሰው በሌለበት፣ ታክሲ ሙሉ ሰው እየሰማ ወጣ። እናቴ ናፈቀችኝ። የማላስታውሳት ሴት እንዲህ ትናፍቃለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

"እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለ ረዳቱ።

አፈርኩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ልስበው ስል አባቴ እጄን ያዘኝ።

"ተይው" አለኝ። "እኔም አልተሸፈንኩ።"

ቀና ብዬ አየሁት፤ ጉንጩ ርሷል፣ ሚጥሚጣ ደግሞ በአጠገቡ አልነበረም።