በቡናው መሀል የተከልኳቸው ችካሎች

ሊሙ ገነት ፊዚክስ ማስተማር እንደጀመርኩ አንድ ማግኔቶሜትር በውሰት አገኘሁ። በቀላሉ ላስረዳ፦ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ ብዙ የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ቱቦ ነው። በዓለም ዙሪያ መብረቅ በመታ ቁጥር በምድርና በሰማይ መካከል በጣም ዝግ ያለ ሞገድ ይዞራል፤ ቱቦው የሚለካው ያንን ነው። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገቡ ካለ ግን ሁሉ ይረበሻል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌን ከመስመር በራቀው የቡና ማሳቸው እንድቀብረው አስፈቀድኳቸው።

በኮምፓስ ሰሜንን ለየሁ፤ ሁለት ችካል ተክዬ ሲባጎ ወጠርኩ፤ በሲባጎው ልክ ቦይ ቆፍሬ ቀበርኩት። ችካሎቹን ለምልክት ተውኳቸው። በዚያ አገር ችካልና ሲባጎ ይዞ የሚመጣው መሬት ለኪ መሆኑን አላሰብኩም። እሱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ማሳ ያጥራል እንጂ አይረዝምም።

በሳምንቱ ስመለስ ችካሎቹ የሉም። ስቆፍር አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያየኝ የነበረውን የሽማግሌውን ጎረቤት ጠረጠርኩ። ሽማግሌው ግን ችካሎቹን በብብታቸው ይዘው፣ ጎረቤትየውን አስከትለው ከቡናው ውስጥ ወጡ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት። መንገዱ በዚህ ነው የሚያልፈው?»

«የምን መንገድ አባባ?»

«ችካልህ ቡናዬን በሰያፍ ነው የቆረጠው።»

«ወደ ሰሜን ስለሆነ ነው።»

«ሰሜን ይሁን ያለው ማነው? ወረዳው?» አለ ጎረቤትየው።

ስለ መብረቁ አስረዳኋቸው።

«ወላሂ፣ የራሳችን መቼ አነሰንና የሰው አገር መብረቅ ትጠራብናለህ?» አለ ጎረቤትየው።

እንደማይጠራ፣ እንደሚለካ ብቻ ነገርኩት። እሱ ለሽማግሌው በኦሮምኛ ሹክ አላቸው፤ «ላፋ» የምትለዋን፣ መሬት ማለት ናት፣ እሷን ብቻ ያዝኩ። ባብራራሁ ቁጥር ሽማግሌው ከእኔ ይልቅ ቦዩን ያዩ ነበር።

«ልጄ፣ ለልጆቼ የምተወው ይህችን ማሳ ብቻ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንተን ባምንህ እንኳ፣ ቦይህን አይቶ ኋላ የሚመጣውን አላምነውም። አውጣው።»

አወጣሁት። አፈሩን ራሳቸው መልሰው ረገጡት፤ መስመሩ እንዳይታይም ደረቅ ቅጠል በተኑበት።

አሁን ቱቦው የተቀበረው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ባያያዝኩት ባለ ባትሪ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው የኤሌክትሪክ መስመሩ ጩኸት ብቻ ነው። ከተማው ሁሉ መብራት ሲጠፋበት ግን ጩኸቱ ይረግፍና፣ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ያህል የሚወዛወዘው ዝግተኛ ሞገድ ብቅ ይላል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሌላው መምህር ሲያማርር፣ እኔ ወደ ቤተ ሙከራ እሮጣለሁ።

ባለፈው መብራት ሲጠፋ ርዕሰ መምህሩ ቤተ ሙከራው በር ላይ ጠበቁኝ። የቆጣሪው ክፍል ቁልፍ በእጃቸው ነበር።

«መምህር፣» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት የት ነበርክ?»