መሃል ሰፋሪዋ ልጄ

የትንሿ ልጄን ሥራ ለጎረቤት ማስረዳት እስካሁን አልሆነልኝም። ታላቅ ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው ብዬ እገላገላለሁ። እሷን ሲጠይቁኝ ግን «ከተማ ታጠናለች» እላለሁ፤ «ፈተናው መቼ ነው?» ይሉኛል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጄ ቢሮዋን ልታሳየኝ ስትወስደኝ በሩ ላይ ያለውን ራሴ አነበብኩ፦ «ገለልተኛ የከተማ ጥናት ቢሮ»። ደነገጥኩ።

«ልጄ፣ ማን ነው ያገለለሽ?»

«ማንም አላገለለኝም እማዬ። የማንም ወገን አይደለንም ማለት ነው።»

«ወገን የሌለውን ሰው እዚህ ከተማ ማን ያስጠጋዋል?»

«ለዚያ እኮ ነው ቢሮው የጠበበው።»

እውነቷን ነው። ያለው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የከተማው ካርታ ነው። ከተማው በየጊዜው አዲስ ሰፈር ስለሚወልድ ልጄ ወረቀት እየቀጠለች ካርታውን ስታስረዝመው ግድግዳው አለቀና ወደ በሩ ተሻገረ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አዲሱ ሰፈር ከከተማው ተገንጥሎ ይሄዳል፤ ሲዘጋ ይመለሳል።

ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ላይ ሰፈርን የላይኞች ፓርቲ፣ ታች ሰፈርን የታችኞች ፓርቲ ይዘዋል። ሁለት አዳዲስ አውቶቡሶች የመጡልን ጊዜ ላይኞች «ድምፃችን በአውቶቡስ ተጭኖ ወንዝ አይሻገርም!» አሉ። ታችኞች ይህንኑ ቃል በቃል ደገሙትና ማን ከማን ሰረቀው ብለው ተጣሉ። በመጨረሻ አንዱ አውቶቡስ ላይ ሰፈርን ብቻ፣ ሌላው ታች ሰፈርን ብቻ እንዲዞር ተወሰነ። ድልድዩን ይሻገሩ የነበሩት ታክሲዎችም «አውቶቡስ እያለ ምን ያደርጋሉ» ተብለው ታገዱ። አውቶቡሱ ከደጅህ ያነሳሃል፣ ድልድዩ ከሩቅ ሲታየው እንደ ደነበረ በቅሎ ይመለሳል፣ ደጅህ ላይ ያወርድሃል። ዞሮ ዞሮ ከቤት!

እኔ ላይ ሰፈር ነኝ፤ ታላቅ እህቴ እትዬ ታች ሰፈር ናት። ጉልበቷ አያስኬዳትም፣ የእኔም ቢሆን ብዙ የሚመኩበት አይደለም። አውቶቡሶቹ መዞር ከጀመሩ ወዲህ በስልክ እንጂ በዓይን አልተያየንም። «አንቺ፣ ሳልሞት ነይ እንጂ» ትለኛለች፤ «አንቺው አትመጪም?» እላታለሁ፤ እንዲሁ ስንባባል ሂሳቡ ያልቃል።

ልጄ የአውቶቡሱን ነገር ልታጠና ስትነሳ አንድ ቀን ተከትያት ዞርኩ። «አውቶቡሱ በየት ይሂድ ትላላችሁ?» ብላ አትጠይቅም። እንዲያ ከጠየቀች ሰው የሚሰጣት የፓርቲውን መልስ ነው። የእሷ ጥያቄ «ትናንት የት ሄዱ?» ነው። ትናንት ፓርቲ የለውም።

በሩ ላይ የላይኞችን ባንዲራ የሰቀለ አንድ ሽማግሌ ገና ሲያየን ጮኸ። «ከእኛ ሰፈር የሚወጣ ሰው የለም! ምን ጎድሎብን?»

«ትናንት የት ሄዱ አባባ?»

«ትናንትማ… ታች ሰፈር። ጥርሴን ልታይ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ታች ሰፈር ነዋ! ቀጠሮ ልይዝ። እዚህ ማን ጥርስ ያያል?»

«ነገም ይሄዳል!» አለች ሚስቱ ከጓዳ። «ምንም ሳይነክስ ጥርሱን የሚያመው እሱን ብቻ ነው።»

ታች ሰፈርም እንዲሁ ነው። የታችኞችን ቆብ ደፍቶ የሚፎክረው ሁሉ እንጀራው ያለው ላይ ሰፈር ፋብሪካ ነው፤ በየቀኑ ድልድዩን በእግሩ ይሻገራል። ለእነዚያም ለእነዚህም እኩል በር አንኳኩታ፣ እኩል አክብራ ስለምትጠይቅ ሁለቱም ወገኖች እያጉረመረሙም ቢሆን ከፈቱላት። ወገን ይዛ የወገኗን በር ብቻ የምታንኳኳ ልጅ ብትኖረኝ ኖሮ ይህን መች አውቀው ነበር።

ማታ ግን ተቀየምኳት። «ሁሉን ስትጠይቂ እኔን የት እንደሄድኩ አትጠይቂኝም?»

«እናቴ ነሽ፤ አትቆጠሪም።»

«ምን አልሽ አንቺ ልጅ?»

«እትዬም አትቆጠርም። ዘመድ ከቆጠርኩ ለዘመዷ አጠናች ይሉኛል።»

ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ። አውቶቡሱ አያደርሰኝ፣ ልጄ አትቆጥረኝ።

የከተማው ምክር ቤት የአውቶቡሶቹን መስመር ለአምስት ዓመት ሊያጸድቅ ነበር። ጥናቱ ከዚያ በፊት ካልተሰማ መስመሩን ለአምስት ዓመት የሚነካው የለም። እትዬ ደግሞ አምስት ዓመት የምትጠብቅ ሴት አይደለችም።

በአዳራሹ ላይኞች በቀኝ፣ ታችኞች በግራ ይቀመጣሉ። ልጄን በደብዳቤ ጠሯትና ለወገን የለሽ የሚሆን ቦታ ስላልነበረ ወንበሯን መተላለፊያው መሃል አደረጉት። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው። እጇን ስታወጣ ሊቀመንበሩ «ከየትኛው ወገን ነሽ?» ይላታል። «ከየትኛውም» ስትል «እንግዲያው ተራሽ አልደረሰም» ይላታል። ተራው ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ ነው እንጂ መሃል የሚባል ተራ የለውም።

እጇን ሳታወርድ ስትቆይ ከቀኝ አንዱ «ሁለት ባላ ተክላ ልትንጠለጠል ነው!» አለ። ከግራ አንዱ «መሃል ሰፋሪ!» አለ። የነፋሱን አቅጣጫ አይቶ የሚያድር ሰው የሚሰደብበት ቃል ነው። ስድቡ ለሁለቱም ጣማቸው፤ «መሃል ሰፋሪዋ ትነሳልን!» ብለው ድምፅ ሰጡ። ምክር ቤቱ ከተቋቋመ ወዲህ በሙሉ ድምፅ ያሳለፈው የመጀመሪያው ውሳኔ ይኸው ነው። ሰፋሪ ይነሳ የሚል ውሳኔ ስለሆነ እንደ ደንቡ ለመሬት ቢሮ ተላለፈ። መሬት ቢሮ ደግሞ ሰፋሪ ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለ ፈቃድ ቤት የሠራ።

መስመሩ በሚጸድቅበት ቀን እኔ ከኋላ የሕዝብ ወንበር ላይ ነበርኩ። በሩ ተበረገደና አፍራሽ ግብረ ኃይሉ ዶማና አካፋ ይዞ ገባ። አለቃቸውን ሰው ሁሉ መዶሻ ነው የሚለው፤ ስሙን የሚያውቅ አላጋጠመኝም።

«መሃል የሰፈረው ማን ነው?» አለ መዶሻ።

ሁሉም ወደ ልጄ ጠቆሙ።

«ስንት ካሬ ነው የያዝሽው?»

«አንድ ወንበር።»

«አጥር አለው?»

«የለውም።»

«መብራት አስገብተሻል?»

«ቀና ቢሉ ያዩታል፤ የአዳራሹ ነው።»

«ከሰው መብራት መቀጠል ሌላ ጥፋት ነው» አለና ሜትሩን አውጥቶ የወንበሩን እግሮች ይለካ ጀመር።

ሊቀመንበሩ ትዕግሥቱ አለቀ። «ሴትዮ፣ ተነሺ!»

«ልክ ነው፣ ተነሺ ናት» አለ መዶሻ። «ተነሺ ደግሞ ሳትደመጥ አትነሳም። መመሪያ ነው።»

«እኔ እኮ ከወንበሩ ተነሺ ነው ያልኳት!»

«ጌታዬ፣ ባለፈው አንድ የዶሮ ቤት ሳላስደምጥ አፍርሼ ፍርድ ቤቱ ዶሮዎቹ ፊት ይቅርታ አስጠይቆኛል። ዳግመኛ አልዋረድም። ትናገር።»

ሠራተኞቹ ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቀኝም ግራም ዶማውን አየና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ልጄ ጥናቷን አነበበች። ላይኛው ሰው የሚገበያየውና የሚታከመው ታች ነው፤ የታችኛው ሰው ሥራው ላይ ነው፤ አዲሱ ሰፈር ያለው ሰው ሁለቱም ጋ ጉዳይ አለው። «በአውቶቡሱ ዞሮ ቤቱ የተመለሰ አንድ ሰው ብቻ አግኝቻለሁ» አለች። «እሱም እንቅልፍ ወስዶት ነው።» አውቶቡሶቹ ድልድዩ ላይ ይገናኙ ብላ ጨረሰች።

«ተደምጧል» አለ ሊቀመንበሩ። «አልተቀበልነውም። አንሷት።»

«ምትክ ቦታስ?» አለ መዶሻ። «መጓጓዣ የሚደርስበት ምትክ ቦታ ሳይሰጣት የት ላራግፋት?»

ጭቅጭቁ ያኔ ጀመረ። ላይኞች ታች ከሰፈረች የታችኞች ልትሆን ነው አሉ፤ ታችኞች ላይ ከሰፈረች የላይኞች ልትሆን ነው አሉ። ከከተማው የማንም ያልሆነ መሬት ተፈልጎ ተፈልጎ የተገኘው ድልድዩ ብቻ ነው።

«መጓጓዣውን የእኛ አውቶቡስ ያደርስላታል!» አለ አንድ ላይኛ፣ በኩራት።

«የእናንተ ደርሶ የእኛ ሊቀር?» አለ ታችኛው።

ልጄ እጇን አወጣች። «ይህ እኮ ጥናቱ ያለው ነው፤ በኋላ አታለለችን እንዳትሉ።»

«ጥናቱን አልተቀበልንም!» አሏት ከቀኝም ከግራም። «አንቺን ነው ያነሳንሽ!»

እንዲህ ሆኖ ጸደቀ። ልጄ አሁን ድልድዩ ላይ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛዋን ዘርግታ ትሠራለች። ከላይ አንዱ አውቶቡስ፣ ከታች ሌላው ለእሷ ተብለው ይመጣሉ፤ ሰዉም ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ይሳፈራል። እትዬ በመጀመሪያው ሳምንት መጣች። ስትወርድ ክንዷን ያዝኳት። «ከስተሻል» አለችኝ፤ «አንቺም ዓይንሽ ደክሟል» አልኳት።

እጅ ለእጅ እንደተያያዝን ሁለቱ ሹፌሮች መስኮት ለመስኮት ተፋጠጡ።

«አንተ ነህ ያዘገየኸኝ!»

«አንተ ነህ እንጂ! ሰዎችህ ለመውረድ ሰዓት አይበቃቸውም!»

«እሷ ትፍረድ! ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጣ ታይ የለም እንዴ?»

ልጄ ሰዓቷን አየች። «ሁለታችሁም ዘግይታችኋል» አለች።

ሹፌሮቹ ተያዩ። «ይቺ ሴት ግን አታስቸግርም?» አለ የላዩ። «እጅግ!» አለ የታቹ። ከዚያ የላዩ ወርዶ ለታቹ ሲጋራ ለኮሰለት፤ ልጄን እያሙ አብረው ቆሙ።