አያ ቢተው ኮሶ የጠጡ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ቡሬ ላይ ሰፍሮ በነበረባቸው ዓመታት፣ ቤታችን ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ከወንዝ ማዶ ነበር፤ ምሽት ምሽትም የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ቢተው ምድጃው ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። የጦጣና የቀበሮ ተረት አይሆንላቸውም። የእርሳቸው ወሬ ሁሉ ስለ ሆድ ነው፤ ስለ ወስፋት፣ ስለ ቁርጠት፣ ከሁሉም በላይ ስለ ኮሶ ትል። እንጨቱ እርጥብ ሲሆን ጭሱ ዐይን ያስለቅሳል፤ ያኔ ግን እኛ የምናነባው በሳቅ ነበር።

ተረታቸውን ሲጨርሱ «እንግዲህ በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ነው!» ይሉናል። ራሳቸው ግን አይቀምሷትም። ምሬቷን እንደ ሞት ይፈሯታል። እናቴ ቤተሰቡን ሁሉ ኮሶ የምታጠጣበት ጠዋት ሲደርስ አያ ቢተው ወይ የሩቅ ዘመድ ይሞትባቸዋል፣ ወይ በሬ ይጠፋባቸዋል። ጥሬ ሥጋ በሚቆረጥበት ቤት ግን አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።

አባቴ ያኔ ከአርበኞች ጋር በረሃ ወርዶ ነበር። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሊያየን በስውር መጣ፤ ገና እቅፉ ሳለሁ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ አንድ ለጣሊያን ያደረ ባንዳ በበቅሎ መጥቶ ደጃችን ላይ ወረደ። አባቴ ቆጥ ላይ ወጥቶ ከእህል ስልቻዎቹ ኋላ ለመጋደም ብቻ ነው ጊዜ ያገኘው። ባንዳው ገባና፣ አሁን መሽቷልና ሲነጋ አባቴን ፍለጋ ቤቱን ከላይ እስከ ታች እንደሚፈትሽ ነገረን። መኝታውንም በሩ ሥር አስነጠፈ። ቤታችን ደግሞ ሌላ በር አልነበረውም።

እናቴ እራት አቀረበች። አያ ቢተው በኩራዙ ብርሃን ባንዳውን አተኩረው ሲያዩት ቆዩና፣

«ጌታው፣ ፊትዎ ገርጥቷል። ኮሶ ከጠጡ ስንት ጊዜዎ ነው?» አሉት።

«ምሽግ ውስጥ ማን ኮሶ ይሰጣል? ዓመት አልፎኛል» አለ።

«ዓመት! እግዚኦ!» ብለው አያ ቢተው ወደ እሳቱ ጠጋ አሉ። «የኮሶ ትል እግር የለውም፣ ጌታው። ከቤት ቤት ተሸክመን የምናዞረው እኛው ነን። አንዱ ሜዳ ይወጣል፣ ላም እዚያው ሣር ትግጣለች፣ እኛ ደግሞ ላሟን በጥሬዋ እንበላለን። እንዲህ አድርጎ ሆድ ይገባና እንደ ክፉ እንግዳ ይደላደላል። እርስዎ አንድ ሲጎርሱ ሁለቱን እርሱ ይውጣል። ዓመት የሞላው ለታ ግን አንገቱን ያስረዝማል፤ ጌታው ሲተኙ፣ ዛሬ ምን ተበላ ይሆን ብሎ እስከ ጉሮሮ ይወጣል!»

ባንዳው ማኘኩን አቆመ። እኔ ዐይኔ ወደ ቆጡ እንዳይሄድብኝ ፍሙ ላይ ተክዬዋለሁ፤ ፍርሃቱና ሳቁ አንድ ላይ አንቀውኛል። በዚህ መሐል ከላይ ገለባ ብን ብሎ ወረደ። ለካ አባቴም ስልቻ ነክሶ እየሳቀ ኖሯል!

«አይጥ አስቸገረን» አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

ባንዳው አልሰማትም፤ ጉሮሮውን እየዳሰሰ ነበር። ሌሊቱንም ሲገላበጥ አደረና ጎሕ ሲቀድ «ኮሶ አላችሁ?» አለ። እናቴ ወቅጣ፣ በጥብጣ በትልቅ ዋንጫ አቀረበችለት። አፉ ድረስ አደረሰና መልሶ ለአያ ቢተው ዘረጋላቸው።

«መርዝ ቢሆንስ? እኩሌታውን እርስዎ ይጠጡልኝ።»

የዚያን ጊዜውን ፊታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዋንጫውን አዩት፣ እናቴን አዩዋት፣ ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው እኩሌታውን ሳይተነፍሱ ጨለጡ። ባንዳውም የቀረውን ጠጣ።

ብዙም አልቆዩ። አያ ቢተው ሆዳቸውን ይዘው ወደ ላይኛው አጥር ሮጡ፤ ባንዳው ጠመንጃውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈ ወደ ታችኛው። አባቴ ከቆጡ ወረደ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ ጢሙ ገለባ ገለባ ይሸት ነበር፣ ከዚያ በላይኛው አጥር በኩል ወጣ። ባንዳው ቀትር ላይ እየተንገዳገደ ሲመለስ ፍተሻው ቀርቶ በቅሎዋ ላይ መውጣት አቃተው። እናቴ ደግፋ አወጣችው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎን ሄደ።

አያ ቢተው ማታ ምድጃው ዳር ሲመለሱ ከስተው ነበር፤ ፊታቸው ግን በርቷል። ከሆዳቸው የወጣው ትል ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። «እዩልኝ!» አሉ፣ «ሃያ ዓመት የሰው ትል ሳወራ፣ የራሴው ሆዴ ውስጥ ተጋድሞ ሲያዳምጠኝ ኑሯል!»

አድጌ ፍኖተ ሰላም ጤና ጣቢያ ስቀጠር ነገሩን በሥርዓቱ ተማርሁት፤ የትሉ እንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ከብቱ ሥጋ፣ ከጥሬው ሥጋ ወደ እኛ እንደሚመለስ። አያ ቢተው የዋሹት አንገቱን ብቻ ነው።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ስለ ጠላት ዘመን ንገሪን ሲሉኝ፣ ስለ ተቃጠለው ቤትና ስላለቀው ሰው ልነግራቸው እጀምርና ሳቄ ይቀድመኛል። አፍራለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ አባቴ እኮ ነጻነትን አይቶ፣ እኔን መርቆ ድሮ፣ ፀጉሩ እንደ ጥጥ ነጥቶ፣ በገዛ አልጋው ላይ ነው የሞተው።