ሳያሳይ የሚልከው ርካሹ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ሲገባ ፊቱን አያይም፤ ትከሻውን ነው የሚያየው። ስም የሚባል ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ አይቀመጥም። የሠርጋችን ሚዜ እንኳ እስከ ዛሬ «ያ ክንደ ረጅሙ» ነው። ስለዚህ ደንበኞቹን ኮምፒውተሩ ላይ የሚመዘግበው በገላቸው ነው፤ ጎባጣው፣ ሆድዬ፣ ዳሌ የለሿ። በክፋት አይደለም፣ ልሙትልህ! ጎባጣው ቀጥ ብሎ እንዲታይ ስንቴ ኮት ፈትቶ መልሶ ሰፍቷል።

ታዲያ ሱቃችን ያለበት ሕንፃ ሊፈርስ ነው ተባለና ከዋናው መንገድ ተነስተን ከኋላ ያለ ምድር ቤት ገባን። መስኮት የለው፣ ታፔላ የለው። ብንጠብቅ ብንጠብቅ ወፍ የለም። እኔ የምተኩሰው ልብስ ባጣ የራሳችንን አንሶላ ይዤ መተኮስ ጀመርኩ። ደንበኞቹ የት እንደገባን ካላወቁ ሱቁን መዝጋታችን ነው። እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ጎረቤታችን ስልክ ጠጋኙ፣ «ጋሼ፣ የደንበኞችዎ ኢሜይል የለዎትም?» አለው።

አለን እንጂ! ልብሳቸው ሲያልቅ እንድንነግራቸው ሁሉም ሰጥተውናል።

«በቃ፣ ለሁሉም በአንዴ የሚልኩ ድርጅቶች አሉ። አዲሱን አድራሻ ይላኩላቸው።»

ድርጅቱን መምረጥ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንዱ በደንበኛ ብዛት ያስከፍላል፣ ሌላው በመልእክት ብዛት። አንዱ በነጻ ነው፣ ግን ከግርጌ የራሱን ማስታወቂያ ይለጥፋል። «እኔ በሰፋሁት ሱሪ ሌላ ሰው ስሙን ሊለጥፍበት?» ብሎ ባሌ ተቆጣ። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። ወደድ ያለው መልእክቱ ለእያንዳንዱ ሰው ምን ሆኖ እንደሚደርስ አስቀድሞ ያሳያል። ርካሹ ማሳየት የለ፣ ዝም ብሎ ይልካል።

«የሚያሳየው ይሻላል» አልኩት። «አንተ ሳትለካ ትቆርጣለህ?»

«የጻፍኩትን አውቀው የለ? ለመስታወት ነው እንዴ የምከፍለው?»

ግትር ነው፣ ከያዘ አይለቅም። ርካሹን ያዘ። መልእክቱን ራሱ ጻፈው፤ እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። የደንበኞቹን መዝገብ እንዳለ አስገባና ላከው።

ያ ርካሽ ለካ አንድ ነገር ያውቅ ኖሯል። ስም በሚለው ቦታ የተጻፈውን እያነሳ «ውድ» ከሚለው ቀጥሎ ይሰካዋል። ውድ ጎባጣው። ውድ ሆድዬ።

ሆድዬ ደውሎ፣ «አንተ ጉደኛ! ለካ እንዲህ ነው የምትጠራኝ?» እያለ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምነው ያኔ አፌ በተዘጋ። ጎባጣው ግን ደውሎ፣ «ጎንበስ ብዬ አነበብኩት» አለና ስልኩን ዘጋው።

ይሄኔ የባሌ ፊት አመድ መሰለ። «መምህሯ» አለ።

መምህሯ ታማ አንድ ጡቷ በቀዶ ጥገና ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ኮቶቿን ሁሉ በግራ በኩል ከገበሩ ሥር ጥጥ እየሞላ የሚሰፋላት እሱ ነው። ከእኛና ከሐኪሞቿ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በመዝገቡ ላይ «ባለ አንድ ጡቷ» ናት። የሰጠችን ኢሜይል ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ነው።

በማግስቱ መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በወደድኩ።

«ጸሐፊዋ መምህራኑ በተሰበሰቡበት ጮክ ብላ አነበበችው» አለች። «ማን ትሆን እያሉ ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ኋላ አንዷ፣ እዚህ ሱቅ የምታሰፋው እሷ ብቻ ናት አለች። ሁሉም ዞረው ደረቴን አዩ።»

«እህቴ…» ብሎ ጀመረ ባሌ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ኮቶቿን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። «ውሰዳቸው። ከእንግዲህ ምን ይደብቁልኛል?»

የለበሰችው ከመንገድ የገዛችውን ሹራብ ነበር። በግራ በኩል ጎድሎ ይታያል። ባሌ አየው። ሳያስበው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄደ፤ መምህሯ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ ኋላ ሸሸች።

ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ ሰው ለክቶ አያውቅም።