የመምህር አሥራት የጨው ድንኳን

መምህር አሥራት ሰበታ ውስጥ ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ዓለም ሁሉ ጨው ነው። ሶዲየሙ በግራ በቀኝ፣ በፊት በኋላ፣ በላይ በታች በክሎራይድ ይከበባል፤ ክሎራይዱም በሶዲየም። ቢጤ ከቢጤው አይጎራበትም፤ ጨው ጸንቶ የሚቆመው በዚህ ነው ይላሉ።

ታዲያ ልጃቸው ሐኒ ለአንድ የቡራዩ ልጅ ልትዳር ሆነ። ሽማግሌ ሆነው የመጡትን የሙሽራውን አጎት፣ ኦቦ ጉርሜሳን፣ የአሥራት ዘመዶች ደጅ ላይ አቆሟቸው። ሽማግሌ ማቆም ወግ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ አለማስገባት ግን የማንም ወግ አይደለም። ሁለቱ ቤተሰቦች ተኮራረፉ። ሐኒ "አባዬ፣ በሠርጌ ቀን ከተጣሉ ምን ይውጠኛል?" ብላ አለቀሰች።

አባት መላ አላጡም። በሠርጉ ቀን በድንኳኑ አግዳሚዎች ላይ አንድ የእኛ፣ አንድ የእነሱ እያሉ እንግዳውን ደረደሩ፤ ከፊትም ከኋላም እንዲሁ። ሐሜተኛው ሁሉ አብሮት የሚያማ ዘመድ አጣ።

"ሰው እኮ ጨው አይደለም" አሉ ባለቤታቸው ሙሉዬ።

"ከጨው በምን ይሻላል?" አሉ አሥራት ኮራ ብለው።

ምሳው ሊቀርብ ሲል ኦቦ ጉርሜሳ ዘግይተው ገቡ። ትልቅ ሰው ቆሞ ማን ይቀመጣል? የመካከለኛው አግዳሚ ሰው በሙሉ "ኖር" ብሎ ተነሣ፤ እሳቸውን ጫፉ ላይ አስቀምጦም አንድ አንድ ቦታ ጠጋ አለ። አሥራት ክው አሉ። ጨው በመዶሻ ሲመታ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው፤ አንዱ ረድፍ ይንሸራተትና ቢጤ ከቢጤው ይፋጠጣል። እዚያ ቢጤዎቹ ይገፋፋሉ፤ እዚህ ግን ዘመድ ከፊቱና ከኋላው ካገኘው ዘመዱ ጋር ገጥሞ መንሾካሾክ ጀመረ። "ያን ዕለት በዝናብ…" የሚል ተሰማ። ከሙሽራው ወገን አንዳንዶቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ለመነሣት አኮበኮቡ።

አሥራት የክብር ወንበራቸውን ትተው ሮጡ። አንድ ሰው ቢጨመር ረድፉ ዳግም ጠጋ ብሎ ይስተካከላል። አግዳሚው ጋ ሲደርሱ ግን፣ ዘመዶቻቸው በዝናብ ያቆሟቸውን ሰው ቦታ ለመለመን አፈሩ። እዚያው ቆመው ቀሩ።

ኦቦ ጉርሜሳ ቀና ብለው አዩአቸው። "ለመምህሩ ጠጋ በሉ እንጂ" አሉ፣ በራሳቸውና በጎረቤታቸው መካከል ቦታ እያስከፈቱ። "ሰው ቆሞ ሲቀር አልወድም። እኔ አውቀዋለሁ።"

ረድፉ ጠጋ አለ፤ ሹክሹክታውም ቆመ። አሥራት ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የኦቦ ጉርሜሳ ጉርሻ ቀደማቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወጡ ጨው አንሶታል፤ አሥራት ግን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጨው ትንፍሽ አላሉም።